ለቅሶ ደራሽ ያጣው ጅብ

በድሮ ዘመን፣ እንስሳ ሁሉ አፍ፣ ሰው ደግሞ ጆሮ በነበረው ጊዜ፣ አያ ጅቦ የሚባል አንድ ጅብ ነበር። ሆዳም ነው፣ ፈሪ ነው፣ እናቱን ደግሞ በጣም ይወዳል። ምን ያስቃችኋል? ጅብም እናት አለው።

እናቲቱ በስተርጅና ጥርሷ አልቆ፣ አጥንት እየጠባች ኖራ ኖራ አንድ ቀን ሞተች። አያ ጅቦም ጉድጓድ ምሶ ቀበራት። አዎ፣ ቀበራት! ዘመዶቹ ጅቦች ለለቅሶ ብለው መጥተው ነበር፤ ነገር ግን ታፋዋ ለማን፣ ጎድኗ ለማን እንደሚደርስ ሲመካከሩ ሰማቸውና ነክሶ አባረራቸው።

ከዚያ ዋሻው ደጃፍ ላይ ዳስ ጣለ። ለመቀመጫ የሚሆን ድንጋይ ደረደረ። "እናቴ ሞታለች፣ ለቅሶ ድረሱኝ!" ብሎም ለአገሩ እንስሳ ሁሉ ጮኸ።

በግ ሰማች፤ "ሞኝ መሰልኩት እንዴ?" አለችና ቀረች። ፍየል ሰማች፤ "እኔን የሚፈልገኝ ለንፍሮው ነው" አለችና ቀረች። ሚዳቋ ሰማች፤ እሷ ምንም አላለችም፣ አገር ለቃ ጠፋች።

ልጆቼ፣ በእኛ አገር የተጣላ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። አያ ጅቦ ግን ባዶ ድንጋይ ከቦ ተቀመጠ። ለቅሶው ሳይወጣለት በሆዱ ቀረ። የጅብ ሆድ ደግሞ ያልገባበት ነገር የለም፤ ቆዳ ይፈጫል፣ ቀንድ ይፈጫል፣ ይህን ግን መፍጨት አቃተው። ሥጋ አስጠላው። ጅብን ሥጋ ካስጠላው ነገሩ የምር ነው። ከሳ፣ ጠወለገ፣ ጎድኑ ከሩቅ ይቆጠር ጀመር።

"እንዲህ ከሰነበትኩማ እናቴን መከተሌ ነው" አለና መካሪ ፍለጋ ወጣ።

መጀመሪያ የሄደው ከዝንጀሮዎቹ ሽማግሌ ከአባ ገመሬ ዘንድ ነው። አባ ገመሬ ገደል አፋፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ከልጃቸው ጀርባ ቅማል ይለቅማሉ።

"አባ፣ ሐዘን ሊገድለኝ ነው፤ እባክዎ ይምከሩኝ።"

"ሞት ለማንም አይቀርም" አሉ አባ ገመሬ፣ ዐይናቸውን ከቅማሉ ሳያነሱ።

"እሱንማ አውቃለሁ፣ ግን…"

"አልቅሶ ሞትን የመለሰ የለም።"

"እሱንም አውቃለሁ፣ ግን ድምፅዋ ከጆሮዬ…"

"ጨከን በል እንጂ! ወንድ አይደለህም?" አሉና ያገኙትን ቅማል ቀረጠፉ። ምክሩ በዚሁ አለቀ። ሽማግሌ ምሳሌ አያጣም፤ ችግሩ ሐዘንተኛውም ምሳሌውን ያውቀዋል።

ቀጥሎ ደብተራ ቀበሮ ዘንድ ሄደ። ደብተራ ቀበሮ ለሁሉ በሽታ መድኃኒት አለው፤ በሽታው ምን እንደሆነ የሚጠይቅበት ጊዜ ብቻ የለውም።

"ዐይነ ጥላ ነው!" አለው፣ አያ ጅቦ ገና አፉን ሳይከፍት። "ኮሶ ጠጣ፤ ውስጥህ ያለው ሁሉ ይወጣል።"

አያ ጅቦ ኮሶውን ጠጣ። እውነትም ውስጡ ያለው ሁሉ ወጣ። ሐዘኑ ብቻ ቀረ።

አንተ ልጅ፣ በጣም አትሳቅ፣ ትወድቃለህ።

ሦስተኛ እመት ጦጢት ዘንድ ሄደ። እመት ጦጢት ምላሷ እንደ ማር የሚጣፍጥ፣ ሆዷ ግን ነገር የማያሳድር ተንኮለኛ ናት። "ና የኔ ጌታ!" አለችው ከዛፏ ላይ። "ተናገር፣ ይውጣልህ። እኔ ጋ የገባ ነገር አይወጣም።"

ምስኪን አያ ጅቦ ሁሉን ዘረገፈላት። እናቱ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ፣ ይህን የሚያህል ጎረምሳ፣ "ሚጢጢዬ" እያለች ትጠራው እንደነበር ሳይቀር ነገራት። ጦጢት "እህ… ወይኔ… እኔን!" እያለች አንገቷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች፣ "ሚጢጢዬ! ኡኡኡ! እናቴ ሚጢጢዬ በይኝ!" እያለች ስታስመስለው ዋለች። ፍየሎቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ደብተራ ቀበሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባ ገመሬ እንኳ ቅማላቸውን ትተው አጨበጨቡ።

አያ ጅቦ ይህን ሰማ። ምነው አፌን በቆረጠው አለ። በነጋታው ጭራውን እግሩ መሐል ወትፎ፣ ዋሻው ገብቶ ተኝቶ ሊሞት ቆርጦ ጉዞ ጀመረ።

መንገዱ ላይ አህዪትን አገኛት። ሣር ስትግጥ አላየችውም ነበር፤ ቀና ስትል ከኋላዋ ገደል፣ ከፊቷ ጅብ።

ዐይኗን ጨፈነች። "አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ።"

"አልበላሽም። እናቴ ሞታብኝ ነው።"

"እሺ፣ እናትህ ሞታለችና ብላኝ።"

"ሥጋ አስጠልቶኛል እኮ!"

"ሥጋ አስጠልቶሃልና ብላኝ። ብቻ ቶሎ በል።"

አያ ጅቦ እዚያው ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ጭንቅላቱን መዳፉ ላይ ጣለ። አህዪት ጠበቀች። ጥርስ አልመጣም። አንድ ዐይኗን ገለጥ አደረገች። ፍርሃትም ሲቆይ ይሰለቻል፤ ደግሞም እንዲያ ያለ የተሰበረ ጅብ አይታ አታውቅም። አሳዘናት።

"ለመሆኑ እናትህ ስሟ ማን ነበር?" አለችው።

አያ ጅቦ ቀና አለ። አባ ገመሬ ይህን አልጠየቁትም። ደብተራ ቀበሮ አልጠየቀውም። ጦጢት ያን ሁሉ ስታናግረው ይህን አልጠየቀችውም።

"ቆርጥሜ" አለ። ስሟን ሲጠራ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

"ቆርጥሜ? ያቺ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠው?"

"አዎ! ታውቂያታለሽ?"

"አክስቴን ዳልቺትን የበላቻት እሷ ናት።"

አያ ጅቦ በጣም ተጨነቀ። ማጽናናት ፈለገ፤ ነገር ግን ጅብ ነውና እንዲህ አለ፦ "እናቴ እኮ ዳልቺትን አልረሳቻትም። እስክትሞት ድረስ 'እንደ ዳልቺት የሚጣፍጥ በልቼ አላውቅም' ትል ነበር።"

አህዪት አፏን ከፍታ አየችው። ሊያስቃት ነበር፤ ለቅሶው ቀደመ። በአህያ አገር ዘመድ ሲበላ ይሮጣል እንጂ አይለቀስም፤ ለዳልቺትም ማንም አላለቀሰላትም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ለቀቁት። እሱ እንዲህ አለ፦

"ቆርጥሜ ቆርጥሜ አጥንት ሰባሪዋ፣
ለልጇ አጉርሳ ጦሟን አዳሪዋ።"

እሷ ተቀበለችው፦

"ዳልቺት ዳልቺት የሸክም አጋሬ፣
ከጅብ ሆድ ገብተሽ አጣሁሽ ዛሬ።"

አለቀሱ፣ አለቀሱ፣ ወጣላቸው። አያ ጅቦ አፍንጫውን ጠራረገና "እፎይ! ቀለለኝ" አለ።

ወዲያው ሆዱ "ጉርርር" አለ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች አህዪት።

"ይቅርታ" አለ አያ ጅቦ አቀርቅሮ። "ራበኝ።"

አያችሁ ጉዱን? ዐይኑ ሳያዘው ታፋዋ ላይ ሄደ። የእናቱ ቃል ትዝ አለው፤ ለሃጩ ተዝረበረበ። ብላት፣ ብላት አለው ሆዱ። ከዚያ ደግሞ አሰበ፦ "እሷን ከበላሁ፣ ሐዘኑ ተመልሶ ሲመጣ የእናቴን ስም ማን ይጠይቀኛል?" እንዲህ ያለ ጭንቅ በጅብ ዘር ደርሶ አያውቅም።

"አህዪት" አለ ጥርሱን ነክሶ፣ "ፊቴን አዞራለሁ። ስመለስ እንዳላገኝሽ።"

ፊቱን አዞረ። ሲያዞር አፍንጫው ላይ ምን ተንጠልጥሎ ቢያገኝ ጥሩ ነው? ጭራ! እመት ጦጢት ለነገ ጨዋታዋ አዲስ ለቅሶ ልትሰርቅ ከበላያቸው ባለው ዛፍ ላይ ተደብቃ ኖሯል። ሳቋን ለማፈን አፏን በሁለት እጇ ስትይዝ ጭራዋን ረስታዋለች።

ቀጭ!

አህዪት በአንድ በኩል በረረች። ጦጢት በሌላ በኩል፣ በጉማጅ ጭራ፣ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች "ኡኡኡ! ጅብ በላኝ! ድረሱልኝ!" አለች። እንስሳቱ ወጥተው አዩአትና በሳቅ ፈነዱ።

"እሰይ! ዛሬስ ከትናንቱ አስበለጠችው!"

"የምሬን ነው እኮ!" አለች እያነባች።

"'የምሬን ነው' ትላለች ደግሞ! ወይ ጦጢት!" አሉና አጨበጨቡላት። አምርራ ባለቀሰች ቁጥር አብዝተው አጨበጨቡ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ብቻዋን ስታለቅስ ዋለች።

የቆርጥሜ አርባ ሲደርስ አያ ጅቦ እንደገና ዳስ ጣለ። በግ ቀረች፣ ፍየል ቀረች። አህዪት ግን መጣች። ዳሱ ውስጥ አልገባችም፤ ከዋሻው በታች ካለው ወንዝ ማዶ ቆማ "ይኸው ደርሻለሁ፣ አያ ጅቦ፤ ከዚያው ሆነህ አልቅስ" አለችው። እሱም ደስ ብሎት አለቀሰ።

የእኔ ተረት ይኸው ነው፤ ድካሙ ለእኔ፣ ትርፉ ለእናንተ ይሁን። ሐዘንተኛ ሲመጣባችሁ ምሳሌ አትደርድሩበት፣ ኮሶ አታጠጡት፣ ገመናውንም አደባባይ አታውጡበት። የሞተችበትን ስም ጠይቁትና ስሙት። ሐዘንተኛው ጅብ ከሆነ ግን፣ ልጆቼ፣ መጀመሪያ ወንዙን ተሻገሩ።