የጫኔ ገመድ

ነገር ሁሉ የተበላሸው በኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ጣና በጭጋግ በታፈነበት ጧት ነው። ዘመኑ ሩቅ ነው። አያቴ ከአያቱ ሰማሁ ብሎ ነገረኝ፤ እናንተም ከእኔ ስሙ።

ደንገል በር በምትባል መንደር ጫኔ የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነበረ። ርስት የለውም፣ በቅሎ የለውም። ያለው አንድ ታንኳ፣ ውበቴ የሚባል አንድ ወንድምና አንድ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በረጅም ገመድ ታስሯል፤ ሆዱ ሞራ ተቀብቷል። ጭጋግ ሲወርድ ጫኔ ድንጋዩን ወደ ውሃ ይሰዳል፣ መልሶ ይስባል፣ ሞራውን ያያል። ጭቃ ከያዘ የወንዙ አፍ ነው። አሸዋ ከያዘ መንደሩ ቀርቧል። ባዶውን ከወጣ ታች አለት አለና ይዞራል። ሌላ መሪ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከማዶ ሙሽራ ይዞ ሲመለስ ጭጋግ ዋጠው። ሚዜው አፌዘበት።

«አያ ጫኔ፣ በድንጋዩ ዛሬ የሚጠመደው ምን ዓሣ ነው?»

«የእናትህ ደጅ ነው። አርፈህ ቅዘፍ!»

ድንጋዩ አሸዋ ይዞ ወጣ። ሙሽራይቱ እግሯ ሳይርስ ወረደች። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ «በጭጋግ ከሆነ ከጫኔ ጋር» አለ።

ያች ጧት መጣች። የአገሩ ገዥ ባላምባራስ እንዳላማው ከአሽከሮቻቸው ጋር አርባ ማረሻ ይዘው ወደ ማዶ ሊሻገሩ ወረዱ። ጫኔ፣ «ጌታዬ፣ ጭጋጉ ይገፈፍ» አለ። ባላምባራስ ሳቁ። ከባሕር ማዶ ነጋዴ የገዙትን የናስ ሳጥን ከፈቱ። ውስጡ መርፌ አለ።

«ይህች ሰሜንን አትስትም። ያንተ ድንጋይ ውሻ ይወገርበት!»

ሳጥኑ እንዳይርስ ብለው ከማረሻው ክምር ላይ አስቀመጡት። መርፌዋ ፊቷን ወደ ብረቱ አዞረች። በዚያን ጊዜ ይህን ያወቀ አልነበረም።

ውበቴና ሌሎች ቀዛፊዎች ቀዘፉ፤ ጫኔ ድንጋዩን ሰደደ። ባዶውን ወጣ። «ጌታዬ፣ አለት ነው፤ እንዙር» አለ። «ቀጥል!» አሉት። ደግሞ ሰደደ። ባዶውን ወጣ። «ጌታዬ፣ እንዙር» አለ። «ቀጥል!» ሦስተኛ ሲሰድ ባላምባራስ ጩቤ መዘው ገመዱን ቆረጡት።

ታንኳው አለት ላይ ወጣ። ብረቱ ተንሸራተተ። ታንኳው ተገለበጠ። ጫኔ በጭጋጉ ውስጥ አንድ እጅ አገኘ፤ የወንድሙ መስሎት በሙሉ ኃይሉ ጎተተ። ሲያወጣው የባላምባራስ እጅ ነበር። አምስት ሰው ሰጠመ። ከአምስቱ አንዱ ውበቴ ነበር።

በሸንጎ ባላምባራስ፣ «መንገድ የሳተው ቀዛፊው ነው» አሉ።

ጫኔ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ገመዱን ማን ቆረጠው?»

ባላምባራስ ወደ ዳኛው ዞሩ። የተረፉት ሁለት ቀዛፊዎች መሬት መሬት አዩ። ዳኛው፣ «ጌታ በጥያቄ አይያዝም» አለ። የጫኔ ታንኳ ተቃጠለ። እሱም ዳግመኛ ውሃ እንዳይሻገር ተፈረደበት።

ከዓመታት በኋላ የመንደሩ አንጥረኛ ከውሃ የተረፈውን ያን ሳጥን ሲጠግን መርፌዋ ብረት ስትከተል አየ፤ ለጫኔ ነገረው። ጫኔ ይህንኑ ሊያሳይ ማረሻ ተሸክሞ ባላምባራስ ደጅ ቆመ። «ጌታዬ፣ አንድ ቃል ብቻ» አለ። ዘበኞች መለሱት። በማግሥቱ ቆመ። መለሱት። ሰባት ዓመት ደጅ ጠና፤ ሰባት ዓመት መለሱት። የተቆረጠው ገመድ ቁራጭ ከእጁ አንጓ ላይ እንደታሰረ ሞተ።

ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ በደንገል በር ባለ ሥልጣን ታንኳ ላይ ሲወጣ የድንጋዩን ገመድ ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ የሚሻገረው። ሁለት እጁ የተያዘ ሰው ጩቤ አይመዝም። ቀዛፊውም ከመነሣቱ በፊት «ገመዱን ማን ቆረጠው?» ብሎ ይጠይቃል። የባላምባራስ የልጅ ልጆችም ይሻገራሉ፤ ገመዱንም ይይዛሉ። ሲጠየቁ ግን ውሃ ውሃውን ያያሉ።

ከዚያ ቤት የተወለደ ሰው አሁን እዚህ መካከላችን ተቀምጧል፤ አውቀዋለሁ። ቀና በል። የአምስት ሰው ሬሳ ጣና ውስጥ ነው፤ ስሙ በሐሰት የጠፋ አንድ ሰው ከዳር ተቀብሯል። መልስ፤ ገመዱን ማን ቆረጠው?