ጓንጉል ከደጅ የተወው

ሰምቶ ሳይጨርስ ለሚሮጥ ሰው በእኛ አገር የሚነገር ምሳሌ አለ። ዛሬ ልጆችም ይሉታል፤ መነሻውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ከአባቴ ሰማሁት፤ እሱ እቦታው ነበር።

አምባ ጥድና ዋርካ ሜዳ የሚባሉ ሁለት መንደሮች በአንድ ምንጭ ተካሰሱ። በበጋ ከዚያ ምንጭ ሌላ ውሃ የለም፤ ያለው ገደሉን ወርዶ ከወንዙ ነው። አምባ ጥዶች በቤተ ክርስቲያናቸው ሣጥን ያስቀመጡት ብራና ነበራቸው። ምንጩ የማን እንደሆነ በግዕዝ ተጽፎበታል። አጥቢያ ዳኛው ግዕዝ ስለማያውቁ፣ ሐሙስ እኩለ ቀን አንባቢ ይዘው እንዲቀርቡ ቀጠሩ። አንባቢ ከጠፋ ምንጩ ለዋርካ ሜዳ ይጸናል።

ሐሙስ ጠዋት የመንደሩን መርጌታ ንዳድ ጣላቸው። ሌላ አንባቢ ማን ያምጣ ሲባል ጓንጉል ተነሣ። ጓንጉል ደፋር ነው፤ ግን መቆም አያውቅም። ምግብ ቀርቦለት እንኳ አንድ እግሩ ከውጭ ነው። ሽማግሌው አቶ ወልደሐና ረጋ ብሎ እንዲጠይቅ ሊመክሩት አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ በቅሎዋ ላይ ወጥቷል።

ከወንዙ ማዶ ይርዳው የሚባል ሰው ያውቃል። ረጅም ነው፣ ነጭ ጥምጥም አይለየውም፣ በክብረ በዓል ከደብተራዎች ጋር መቋሚያ ይዞ ይቆማል። አንባቢ ከእሱ ሌላ ማን ሊሆን ነው? ለማጣራት ያህል በዚያ አገር መምህር፣ ዓይናቸው በጠፋው በየኔታ ገብረ ኪሮስ ደጅ አለፈ። ከበቅሎዋ አልወረደም።

«የኔታ፣ እንደምን አደሩ? ዳኛ ፊት ብራና የሚያነብልን ፈልጌ ነው። ይርዳው እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ይርዳውማ ጨዋ ነው» አሉ የኔታ። «ውረድ፣ ግባ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ፀሐይ ቀደመችኝ» ብሎ በቅሎዋን ኮለኮለ። የኔታ ከኋላው ሌላም ነገር ተናገሩ፤ ኮቴው ዋጠው።

ይርዳውን ከማሳው አገኘውና ዳኛ ዘንድ ይፈለጋሉ አለው። ይርዳው ለሽምግልና የተጠራ መሰለው፤ ጥምጥሙን አስተካክሎ ተከተለ። በመንገድ ላይ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ጓንጉል ሁለት ጊዜም ቶሎ ቶሎ ይራመዱ ከማለት በቀር መልስ አልሰጠውም።

ሰዓቱ ሳያልፍ ደረሱ። አምባ ጥዶች ያንን ጥምጥም ሲያዩ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ብራናው ተሰጠው። ይርዳው ተቀብሎ አየው፣ ሕዝቡን አየ፣ ከዚያ በሁለት እጁ ለዳኛው መለሰላቸው።

«ጌታዬ፣ እኔ ጨዋ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም።»

«ታዲያ ጥምጥሙ ያንብብላቸው» አለ አንድ የዋርካ ሜዳ ሰው። ጎረቤቶቹ ሳቁ። ዳኛው ጥላው እስኪዞር ጠበቁ። ሌላ አንባቢ አልመጣም፤ ፈረዱ።

ጓንጉል እየነደደ ወደ የኔታ ደጅ ገሰገሰ። ክፉ ቃል እንዳይናገር ብለው አቶ ወልደሐናና አባቴ ተከተሉት።

«ጨዋ ነው ብለው አዋረዱኝ» አለ ጓንጉል።

«ጨዋ ነዋ» አሉ የኔታ። «ካህን ያልሆነ፣ ያልተማረ ማለት ነው። የጥንት ሰው ሁሉ እንዲህ ይል ነበር፤ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዛሬም እንላለን።»

«እኛ ጨዋ የምንለው ምግባር ያለውን ነው።»

«እሱም ልክ ነው። ይርዳው ሁለቱንም ነው።» የኔታ በሩን ገፋ አደረጉት። «ውረድ፣ ግባ ያልኩህ ግን ለምን መሰለህ?»

ውስጥ፣ መደቡ ላይ፣ አንድ የቅኔ መምህር ተቀምጦ ዳዊት ይጽፋል። ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነበር።

ጓንጉል ደፉ ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ይህን ሰው ተቀምጦ ሲያይ የዚያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ከማዶ፣ በገደሉ መንገድ፣ የአምባ ጥድ ሴቶች እንስራ አዝለው ከወንዙ ይወጡ ጀመር። ከፊት ያለችው የጓንጉል ሚስት ናት፤ ጎብጣ፣ በየአሥር እርምጃው ትቆማለች። አቶ ወልደሐና እሷን አይተው፣ እሱን አይተው፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ቃሉን ይዞ ሮጠ፣ ፍቺውን ከደጅ አስቀመጠ።»