እጅ መልቀቂያ

በቋራፍ አምባ ገደል ወገብ ላይ ሁለት እግር ብቻ የምታስቆም ጠባብ እርከን አለች፤ ስሟ «እጅ መልቀቂያ» ነው። ወደ ገዳሙ የሚወጣ ሁሉ እስከዚህች እርከን ድረስ ዓለቱ ላይ በተፈለፈሉት ጉድጓዶች እየተንጠላጠለ ይወጣል፤ እዚህ ሲደርስ ግን ሁለት እጁን ከዓለቱ አንሥቶ ወገቡ ላይ በታሰረው ጠፍር ብቻ ወደ ላይ ይጎተታል። ጉልበታም ጎረምሳ «በራሴ እወጣለሁ» ቢል አይፈቀድለትም። አባቶች እንደሚሉት የሥርዓቱ መነሻ አባ ወልደ ትንሣኤ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው።

አባ ወልደ ትንሣኤ በወጣትነታቸው ወደ አምባው ሲወጡ ከፍርሃት የተነሣ በየጉድጓዱ «አቤቱ ማረኝ» ይሉ ነበር ይባላል። ሠላሳ ዓመት ከወጡና ከወረዱ በኋላ ግን ገደሉ የቤታቸው ደጃፍ ሆነ። ፍርሃቱ ለቀቃቸው፤ ጸሎቱም አብሮ ሹልክ ማለቱን ልብ አላሉም። ከንፈራቸው ዳዊት ሲደግም ልባቸው የጎመን መደባቸውን ይኮተኩታል። ጠፍሩንም ደንብ ነውና ይታጠቁታል እንጂ ገና ከታች ሆነው «እንዳትጎትት!» ብለው ይጮኻሉ። ከላይ ጠፍሩን በወይራ ግንድ ጠምጥመው የሚይዙት አባ ጽጌ ፊደል ያልቆጠሩ ውሃ ቀጂ ስለነበሩ፣ ነፍሳቸውን ለእንዲህ ያለ ሰው አደራ መስጠት ክብራቸውን የሚነካ ይመስላቸው ነበር። አባ ወልደ ትንሣኤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑማ ቶሎ በነቁ።

እንደሚነገረው አንድ የሰኔ ቀን ከመንደር ፍትሐት አድርሰው ሲመለሱ ካፊያ ያዛቸው። እንደ ልማዳቸው «እንዳትጎትት!» ብለው መውጣት ጀመሩ፤ እርከኗ ላይ ሲደርሱ ግን ክንዳቸው ዛለ፣ ጣታቸውም ደነዘዘ። ላይኛውን ጉድጓድ እንዳይዙ እጃቸው ከትከሻቸው አልፎ አልነሣ አለ፤ ወደ ታች እንዳይመለሱ እግራቸው መርገጫውን አጣው። ከብዙ ዘመን በኋላ ቁልቁል አዩና ልባቸው ራደ። ለመጸለይ አፋቸውን ቢከፍቱ ዳዊቱ እንደ ወትሮው ይንቆረቆር ጀመር፤ ለማን እንደሚሉት ግን አላወቁም። ከገደሉ ይልቅ ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። «ይህን ሁሉ ዘመን ማንን ነው ስጠራ የኖርኩት?» አሉ በልባቸው። እንዲህ ሆነው ቢሞቱ በማን ፊት እንደሚቆሙ ሲያስቡ ላብና ካፊያ ተቀላቅሎ ዓይናቸውን ጋረደው።

ያኔ ጠፍሩ ወገባቸው ላይ ጠበቅ አለ።

«አባቴ፣ እጅዎን ይልቀቁ» አሉ አባ ጽጌ ከላይ።

«ብወድቅስ?»

«ይዤዎታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁልጊዜም ይዤዎት ነው የሚወጡት። አትጎትት አሉኝ እንጂ አትያዝ መቼ አሉኝ?»

አባ ወልደ ትንሣኤ እፍረቱ ከፍርሃቱ በለጠባቸው። እንዲያም ሆኖ አልጨከኑም። «አንድ እጄን ብለቅስ?» አሉ።

«በአንዱ ዓለቱን ይዘው እኔ ልስብዎ አልችልም። ሁለቱንም ነው አባቴ።»

ምን ያህል እንደቆዩ የሚያውቅ የለም። ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ከዓለቱ ሲላቀቁ፣ የወጣትነታቸው «አቤቱ ማረኝ» ከሆዳቸው ፈንቅሎ ወጣ፤ ሰውነታቸውም ከዓለቱ ተለይቶ ባዶው ላይ ተንጠለጠለ።

ላይ ሲደርሱ የአባ ጽጌን ጉልበት ስመው አለቀሱ፤ ማኅበሩንም ለምነው ይህን ሥርዓት አስደነገጉ። ራሳቸው እስኪያርፉ ድረስ እርከኗ ላይ ሲደርሱ ይርበተበቱ እንደነበር፣ አንዳንድ ቀን ፍርሃቱ ቀለል ሲላቸው ደግሞ ይበልጥ ይጨነቁ እንደነበር ይተረካል።

ዛሬ ከእርከኗ በታች ያሉት ጉድጓዶች በእጅ ብዛት ለስልሰዋል፤ ከእርከኗ በላይ ባሉት ውስጥ ወፎች እንቁላል ይጥላሉ። ጠፍር ያዡም ከላይ ሆኖ «ለቀቅህ?» ብሎ ይጠይቃል። «ለቀቅሁ» ቢሉት አይጎትትም። «ሁለቱንም?» ይላል።