በጓንት የሚከፈት ሰንጢ

ለአባት እጅ ቶሎ የሚከፈት፣ ለልጅ እጅ ግን እምቢ የሚል ሰንጢ አለ ወይ? ስንት ጊዜ አሰብኩት፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ስለዚህ ታሪኩን እንዳለ ልንገራችሁ፣ እናንተም አስቡበት፣ ለሌላም ንገሩት።

አንድ በቅሎ ነጂ ነበረ። የሚኖረው በረዶ ከዓመት ዓመት ከማይለቀው ተራራ ሥር ነው። ሥራው የሰው እህል ባለችው አንዲት በቅሎ ጭኖ፣ ተራራውን አቋርጦ ማዶ ማድረስ ነው። ማዶ ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጃል። እዚያ መንገድ ላይ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ከጓንት የወጣ ጣት ወዲያው ይደነዝዛል፣ ትንሽ ከቆየ ይጠቁራል፣ ከጠቆረ በኋላ ጣት አይባልም። ስለዚህ የዚያ አገር ነጂዎች ከበግ ቆዳ የተሰፋ፣ ጠጉሩ ወደ ውስጥ የሆነ ወፍራም ጓንት ያደርጋሉ። ተራራውን ወርደው እስኪጨርሱ አያወልቁትም።

ሌላም ልማድ አላቸው። ጭጋግ ሲወርድ በቅሎዋ እንዳትጠፋ መሳቢያ ገመዷን ወገባቸው ላይ ያስራሉ። በቅሎዋ ከተንሸራተተች ግን ያው ገመድ ሰውየውንም ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ሲባል ነጂ ሁሉ ገመድ መቁረጫ ይይዛል። ባለሰገባ ቢላ አይዙም፤ ሰው ሲወድቅ ሰገባውን በስቶ ጎኑን ይወጋዋል። የሚይዙት ታጣፊ ሰንጢ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሰውዬ ሰንጢ አንድ ቀን ተሰበረች። ነገ መንገድ አለው፣ ጭነቱን ገና አላሰረም። ሚስቱን ጠራት።

«ሰንጢ ሠሪው ሽማግሌ ጋ ሂጂና አንዲት ምረጪልኝ» አላት። «ጓንት አድርጌ የምከፍታት ትሁን። ይኸው አንዱን እጅ ጓንት ያዢ፤ እዚያው አድርገሽ ሞክሪያት።»

ሴትዮዋ ጓንቱን መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አድርጋ፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን አዝላ ሄደች። ልጅቷ ብርቄ ትባላለች። ብርቄ ያልከፈተችው ነገር የለም። የዱቄት ዕቃ ክዳን፣ የአባቷ ኪስ፣ የጎረቤት በር፣ ሁሉንም ከፍታለች። እናቷ እሷን ከወለደች ጀምሮ ደህና እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም። እና ሰንጢ ሲባል የታያት የባሏ ገመድ አይደለም። የልጇ ጣት ነው የታያት።

ሽማግሌው ሁለት ሰንጢ ጨርቅ ላይ አስቀመጡላት። አንዷ ቀጭን ናት፣ እጀታዋ የቀንድ፣ ታምራለች። ስለቷ ላይ ጥፍር አስገብተው የሚስቧት ቀጭን ጭረት አላት። ሌላዋ ወፍራም ናት። ስለቷ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ትልቅ ቀዳዳ አለ።

«ለነጂ ይቺ ናት» አሉ ሽማግሌው ወፍራሟን እያነሱ። «መልክ የላትም፤ እንደኔው ናት። ግን ጓንት ያደረገ አውራ ጣት ቀዳዳዋ ውስጥ ገብቶ ገፋ ካደረጋት ትከፈታለች። ከተከፈተች ደግሞ ጣት ላይ ተመልሳ አትታጠፍም።»

«ተስላለች?»

«ገና ናት። ሰው ሲገዛኝ ነው የምስለው።»

ሴትዮዋ ይሄን ስትሰማ ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና ሰንጢዋን ሰጠቻት። ብርቄ አገላበጠቻት፣ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች፣ ቀጭ! ሰንጢዋ ተከፈተች። ልጅቷ ሳቀች። እናቷ ነጠቀቻት።

«አዩ አባባ! አዩዋት አይደል!»

ቀጥላ ቀጭኗን ሰጠቻት። ብርቄ ጎተተቻት፣ ነከሰቻት፣ መሬት ላይ ደበደበቻት፣ መጨረሻ ላይ ወርውራት አለቀሰች።

«እቺን ነው የምወስደው» አለች እናቷ።

ሽማግሌው ሳቁ። «ተራራ የምትወጣው ብርቄ ናት እንዴ?» አሉ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ልጄ፣ እሷ ያልከፈተቻትን ሰንጢ ጓንት ያደረገ ሰውም አይከፍታትም። ጓንት ውስጥ የገባ እጅ ማለት እኮ የልጅ እጅ ነው። ጥፍር የለውም፣ የያዘውን አያውቅም። ካላመንሽኝ ያንን ጓንት አድርጊና ሞክሪያት።»

«ለኔማ ይሰፋኛል አባባ። የሱን እጅ እንደኔ እጅ አደረጉት? በቅሎ የሚያቆም እጅ ነው።»

«በቅሎ ማቆምና ጭረት ውስጥ ጥፍር ማስገባት አንድ ነው?»

«እርስዎ ብቻ ይሳሉልኝ።»

ሳሉላት። ጓንቱ ከመቀነቷ ሳይወጣ ቤቷ ገባች።

ባሏ ሰንጢዋን ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ በባዶ እጁ ከፈታት። ወደዳት። ስለቷን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣

«በጓንት ሞከርሻት?» አላት።

«ሽማግሌው ሥራቸውን ያውቃሉ» አለችው።

ውሸት አልተናገረችም። እውነቱንም አልነገረችውም። ሰውየው ጭነት ነበረበትና ነገሩን አልደገመውም። ሰንጢዋን ኪሱ ከቶ በማግስቱ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ የበቅሎዋ እግር በረዶ ላይ ከዳት። ጭነቱ አጋደላት፣ ወደ ገደሉ ተንሸራተተች። ገመዱ ተወጥሮ ሰውየውን በደረቱ ጣለው። እየተጎተተ ሄዶ እግሩን አንድ ድንጋይ ላይ ተከለና ቆመ። ሰንጢዋን አወጣ። ጭረቷን በጓንቱ ፈለጋት፤ አንሸራተተው። ደገመ፤ አንሸራተተው። ሦስተኛ ሞከረ። ድንጋዩ መነቃነቅ ጀመረ። ያን ጊዜ ጓንቱን በጥርሱ ነክሶ አወለቀ፣ በጥፍሩ ሰንጢዋን ከፈታት፣ ገመዱን ቆረጠ። በቅሎዋ ከነጭነቷ ወረደች። ጓንቱም ከአፉ አምልጦ ተከትሏት ሄደ።

ሰውየው ነፍሱ ተረፈች። እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ የቀረውን መንገድ ወረደ። ማዶ ሲደርስ ግን የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ጠቁሮ ነበር። እዚያ ያሉ ሰዎች ቆረጡለት።

ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ አገኘችው። እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ በቅሎዋ የለችም።

«ምን ሆንክ?»

ሰንጢዋን አውጥቶ ሰጣት። «ስለቷ ጥሩ ነው» አላት። «ከተከፈተች።»

ሴትዮዋ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረችው። ብርቄ የከፈተቻትን፣ ብርቄ ያልከፈተቻትን፣ ሽማግሌው ያሏትን። «ልጅቷ እንዳትቆረጥ ብዬ ነው» አለችው።

አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«ብርቄ የኔ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አላት። «ብትነግሪኝ ፍርሃቱን ለሁለት እንፈራው ነበር።»

በማግስቱ ሴትዮዋ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች። ሽማግሌው ወሬውን ሰምተዋል። ነግሬሽ ነበር አላሏትም።

«አባባ፣ መፍራቴ ጥፋት ነው ወይ?» አለቻቸው።

«መፍራትሽማ ምን ጥፋት አለበት? እናት ነሽ፣ አንቺ ካልፈራሽላት ማን ይፈራላታል? ያስቀመጥሽበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ፍርሃትሽን ሰንጢዋ ላይ አስቀመጥሽው። ሰንጢዋ ደግሞ ከባልሽ ጋር ተራራ ትወጣለች። ያንቺ የቤት ፍርሃት ነው፤ ቤት መቅረት ነበረበት።»

«ቤት የት ላድርገው?»

«እኔ ሰባት ልጅ ያሳደግሁት በቢላ መሃል ነው። ምሰሶው ላይ ሚስማር መታሁ። ልጅ ቁመቱ ሚስማሩ ጋ ሲደርስ ነቅዬ ከፍ አደርገዋለሁ። እንግዳ ይምጣ፣ ሠርግ ይሁን፣ የሰንጢ ማደሪያ እዚያ ብቻ ነው።»

«እና ሰባቱም ደህና አደጉ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው ሚስማሩን አዩ።

«ስድስቱ አዎ» አሉ። «አንዷ በርጩማ አመጣች።»

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አይዞሽ፣ በሕይወት አለች፣ ልጅም ወልዳለች። አገጯ ላይ ምልክት አላት። ሰው በጠየቃት ቁጥር ‹የአባቴ ጥንቃቄ ነው› እያለች ታሳፍረኛለች።»

ሴትዮዋ መሳቅ አልቻለችም። ወፍራሟን ሰንጢ አነሳች። የተረፈውን አንድ ጓንት እጇ ላይ አደረገች። ሰፍቷት እየተንሸራተተባት፣ ሽማግሌው ፊት አምስት ጊዜ ከፈተቻት፣ አምስት ጊዜ አጠፈቻት። ከዚያ፣ «ሚስማርም ይስጡኝ» አለቻቸው።

የታሪኩ ትምህርት ይሄ ነው። ዕቃ ስንመርጥ፣ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ባለው እጃችን አንምረጥ። በክፉ ቀን በሚኖረን እጅ እንምረጥ። በክፉ ቀን የትልቅ ሰው እጅም ይደነዝዛል፣ እንደ ልጅ እጅ ይሆናል። ደግሞ ለአንዱ ብለን የቆለፍነው ነገር በማን ላይ እንደሚቆለፍ አስቀድመን እንይ። የፈራ ሰው ፍርሃቱን ለሚመለከተው ይንገር። ሴትዮዋን የጎዳት መፍራቷ አይደለም፤ ብቻዋን ፈርታ፣ ብቻዋን መወሰኗ ነው።

እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል። ያልገባኝ ግን፣ ሚስማሩ ጣሪያ ሲደርስ ምን ይደረጋል? አንድ ቀን መደበቁ ቀርቶ ማሳየቱ መጀመር አለበት። ይህ ስለት ነው፣ እንዲህ ነው የሚያዝ፣ እንዲህ ነው የሚታጠፍ መባል አለበት። እኔም ትንሽ ሴት ልጅ አለችኝ፤ ቀድሜ ባሳያት ትደፍረዋለች ብዬ እፈራለሁ። ብዘገይ ደግሞ እኔ የሌለሁ ቀን ራሷ ታገኘዋለች። ልጅ ያሳደጋችሁ ሰዎች፣ እናንተ በስንት ዓመታቸው እጃቸውን ይዛችሁ አሳያችኋቸው? እባካችሁ ምከሩኝ።