ባለ ቫልቩ አምፕሊፋየርና ያልተሰማው ወሬ

አንድ ሰው ነበሩ፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ አሮጌ ቤት የሚኖሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይመኛል? አንዱ እንቅልፉን መጥገብ ይመኛል፤ አንዱ ከጓደኞቹ ጋር ዳማ መጫወት። እኚህ ሰው ግን ያን ሁሉ ዘመን የሞተር ጩኸት የጠገበ ጆሯቸውን በጥሩ ሙዚቃ ማሳረፍ ተመኙ።

ስማቸውን አቶ መኩሪያ እንበላቸው።

አቶ መኩሪያ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ነበራቸው። ልጆች ምናልባት አታውቁት ይሆናል። አምፕሊፋየር ማለት ከሸክላ ማጫወቻው የሚመጣውን ቀጭን ድምፅ አጉልቶ ለስፒከሩ የሚያቀብል ዕቃ ነው። የዛሬው እጅ ላይ ይያዛል። የጥንቱ ግን ከላዩ እንደ አምፖል ያሉ የመስታወት ቱቦዎች ተደርድረውበታል፤ ሲበራ ውስጣቸው ፍም መስሎ ይቀላል። ቫልቭ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አቶ መኩሪያ ይህን ዕቃ ያገኙት አገሩን ለቅቆ ይሄድ ከነበረ አንድ ግሪካዊ ጎረቤታቸው ነው። ያኔ ጎረምሳ የነበሩት አቶ መኩሪያ ሸመገሉ፤ ዕቃው ግን ይሠራ ነበር።

ዕቃው ጥሩ ነበር ወይ? እንዴታ! ድምፁ ይለሰልሳል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ትሰማላችሁ። የማሲንቆው ጭራ ክሩን ሲፈትገው ጆሯችሁ ሥር ነው። ከፍ ቢያደርጉት እንኳ ይወፍራል እንጂ አይጮህም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው፣ ዘፋኙ ወንበር ስቦ አጠገቡ የተቀመጠ ይመስለዋል።

ታዲያ እንከን አልነበረውም? እሱም ሞልቶ! ክብደቱ ወገብ ይቆርጣል። ሲያበሩት ወዲያው አይናገርም፤ እስኪሞቅ ድረስ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። መብራት ይበላል። ቫልቮቹ ያረጃሉ፤ ያረጁ ዕለት ምትክ ማግኘት ጭንቅ ነው። ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ ይሞቃል። ወገኖቼ፣ ድሬዳዋ ላይ ነው የሚሞቀው!

ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ የሰሌን ማራገቢያቸውን እያወዛወዙ፣ “መኩሪያ፣ የውጪው ፀሐይ አንሶን ነው ሌላ ፀሐይ ቤት ያስገባኸው?” ይሉ ነበር።

አቶ መኩሪያ አይመልሱም። ምክንያቱም በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ሸክላው እየዞረ ማንም አይናገርም። አፉን የከፈተ ሰው ካለ አቶ መኩሪያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። “ቆይ፤ ዘፈኑ ይለቅ” ማለታቸው ነው።

እስኪ ልጠይቃችሁ። እስከዚህ ድረስ ኃጢአት አለ? እኔ አላየሁም። ጆሮን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ጥሩ ድምፅ የወደደ ሰው ምን በደለ? ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው።

አቶ መኩሪያ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ትርሲት። አብነት የሚባል የሒሳብ መምህር አግብታለች። አብነት የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ አማቱን “አንቱ” ብሎ ይጠራል፤ ሁሉን “አንተ” የሚሉት ድሬዎች ይስቁበታል እንጂ አልተወም። ታዲያ አማቱ ወይዘሮ አልጋነሽ በሙቀት ሲንገላቱ እያየ ያዝን ነበርና በፋሲካ ቀን አንድ ካርቶን በብብቱ ይዞ መጣ። አዲስ አምፕሊፋየር ነው።

“አባባ፣ ይሄ አይሞቅም። ሲያበሩት ወዲያው ይናገራል። መብራትም አይበላም። እማማም ከማራገቢያቸው ያርፋሉ” አላቸው።

ሰክተው አዳመጡት። ንጹሕ ነበር። አንዲት ኮሽታ የለበትም። አቶ መኩሪያ በዚያች ሰዓት “እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ” ቢሉ ምን ይጎድልባቸው ነበር? ምንም። እሳቸው ግን ፊታቸውን አጨማደዱ።

“ይሄማ ቆርቆሮ ነው! ሰው ሳይሆን የሰው ፎቶግራፍ ሲዘፍን ነው የሚመስለው። አንተ ጆሮህን ማን ወሰደብህ?”

አብነት ወጣት ነው፤ ደሙ ፈላ። “የእርስዎ ደግሞ ምድጃ ነው! ወጥ ይጣዱበት!” አለ።

“ከቤቴ ውጣ!”

ወጣ። ትርሲት በባሏና በአባቷ መካከል ቆማ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን አየች፤ ከዚያ እንባዋን እየጠረገች ባሏን ተከተለች። የፋሲካው ዶሮ ወጥ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

አትሳቁ ወገኖቼ። “በአምፕሊፋየር ልጅ ይጣላል ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። በእናንተ ቤት በምንድነው የተጣላችሁት? ሰው ሲጣላ ምክንያቱ ሁልጊዜ ለሌላው ያስቃል። ለባለቤቱ ግን አያስቅም።

ትርሲት ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። አባትየውም አልጠሯትም። እንዳረገዘች ከእናቷ ሰሙ፤ ደስ አላቸው፤ ኩራታቸው ግን ከደስታቸው በለጠ። “ሲወለድ ይዘውት ይመጡ የለ” ብለው ወደ ሸክላቸው ተመለሱ። ቤቱ ጭር ባለ ቁጥር ድምፁን ከፍ ማድረግ አመጡ። ጎረቤት ሳይቀር የእሳቸውን ዘፈን በግድ ይሰማ ጀመር።

ከዕለታት አንድ ቀን አምፕሊፋየሩ እንደ ተልባ ይንጣጣ ጀመር። ከዚያ አንደኛው ቫልቭ ቀይነቱ ጠፋ፤ ድምፁም አብሮ ሄደ። አቶ መኩሪያ ያልጠየቁት ሬዲዮ ሠሪ የለም። ሁሉም አንድ ቃል ነው የመለሱላቸው፦ “አባባ፣ እንዲህ ያለ ቫልቭ እንኳን ድሬ አዲስ አበባም የለም።”

ቤቱ ዝም አለ።

ዝም ያለ ቤት ውስጥ ምን ይሰማል? መጀመሪያ የቧንቧው ጠብታ ተሰማቸው። ቆርቆሮው ላይ የሚመላለሱ ርግቦች ተሰሟቸው። ቀጥሎ የሚስታቸው እግር፣ እየጎተቱ ሲራመዱ። “አልጋነሽ መቼ ነው እንዲህ መጎተት የጀመረችው?” ብለው አሰቡ።

አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ወይዘሮ አልጋነሽ በረንዳ ላይ ስልክ ሲያወሩ ሰሟቸው።

“አይዞሽ ልጄ። አባትሽማ ሰምቷል። ነግሬዋለሁ እኮ። ምን ላድርገው፣ ዝም አለኝ።”

አቶ መኩሪያ ተነሥተው ወጡ። “ምኑን ነው የሰማሁት?” አሉ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ስልኩን ዘጉ። “ልጅህ ደም ፈሷት ሆስፒታል መተኛቷን ነዋ። ፅንሱ ያልወረደው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። አሁን ቤቷ ገብታለች፤ ከአልጋ እንዳትነሣ ተብላለች።”

“መቼ ነገርሽኝ?”

“የተኛች ዕለት ነዋ! እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኩህ። እጅህን አነሣህብኝ፤ ዘፈኑ ይለቅ ብለህ። አጠገብህ ቆሜ ጠበቅሁ። ዘፈኑ አለቀ፤ ሌላ አስከተልክ። እኔም ነጠላዬን አንሥቼ ብቻዬን ሄድኩ።”

አቶ መኩሪያ የበረንዳውን ብረት ያዙ። የማሲንቆ ጭራ የሚሰማ ጆሮ! ዘፋኝ ሲተነፍስ የሚሰማ ጆሮ! ሚስቱ አጠገቡ ቆማ የነገረችውን አልሰማም።

አሁን እዚህ ላይ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው “በደንብ ብትነግሪኝ ኖሮ” ማለት ነው። ይህን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ተመላልሰንበታል። አቶ መኩሪያ አልሄዱበትም። ዘወር ብለው ወደ በሩ አመሩ።

“ወዴት ነው?” አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

“ልጄ ጋ።”

“እንግዲያው ሽርጥህን ቀይር!”

ሱሪያቸውን አጥልቀው፣ መንገድ ላይ ትርሲት ከልጅነቷ የምትወደውን ጊሽጣ ገዝተው፣ በባጃጅ ትርሲት ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሳቢያን ሄዱ። በሩን የከፈተው አብነት ነው።

“አባባ… ይግቡ” አለ አብነት።

“አልገባም። ከቤቴ ውጣ ያልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር ሳትለኝ ደጃፍህን አልረግጥም።”

“እኔስ? ምድጃ ያልኩት እኔስ?”

“እሱንማ እውነትህን ነው” አሉ አቶ መኩሪያ፤ “ምድጃ ነው።”

አብነት ሳቁ አመለጠው። እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ እንባቸው መጣ፤ አብነት ጊሽጣውን ተቀብሎ ትከሻቸውን አቅፎ አስገባቸው።

ትርሲት አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። ያ የተሰደበው አምፕሊፋየር ራስጌዋ ላይ በለሆሳስ ያንጎራጉራል። አባቷን ስታይ ቀና ልትል ሞከረች፤ በእጃቸው መልሰው አስተኟት።

“አባዬ፣ ላጥፋው?”

“ማንን ልሰማ መጣሁና? አጥፊው።”

አጠፋችው። ተናገረችም። ልጅ ናትና አልራራችላቸውም። “ሆስፒታል ሳለሁ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንተ ትመስለኝ ነበር” አለቻቸው። “ነርሷ ስትገባ ተናደድኩባት። ምን አደረገችኝ ምስኪን?”

አቶ መኩሪያ “ዘፈን እየሰማሁ ስለነበር ነው” የምትለዋ ቃል ምላሳቸው ላይ ደርሳ ነበር። ዋጧት። እሷ እስክትጨርስ ጠበቁ። ስትጨርስም፣ “ጆሮዬ እንቢ ብሎ አይደለም ልጄ፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት” አሏት። ይህን ብቻ። ትርሲት እጃቸውን ይዛ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እጃቸው እስኪደነዝዝ ድረስ አላነሡትም።

ቀጥሎ ምን ሆነ? አብነት ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ወዳጅ ነበረው፤ ቫልቭ እንዲያፈላልግለት አደራ አለው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተገኘ። አብነት ሊገጥምላቸው ወደ ከዚራ መጣ፤ ካረጀው ቫልቭ ሌላም የተበላሸ እንዳለ ለማየት አንዴ አብርቶ ሞከረው፤ ነቅሎ ክዳኑን ፈትቶ እጁን ሊሰድ ሲል አቶ መኩሪያ አንጓውን ለቀም አደረጉት።

“ቆይ! እንዳትነካው!”

“ገመዱን እኮ ነቅዬዋለሁ፣ አባባ።”

“ቢነቀልም ውስጡ ያጠራቀመው መብራት አለ። ይገድልሃል። ባዶ እስኪሆን ታገሥ።”

ወገኖቼ፣ ከዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ከሰው ጋር ታርቃችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ስትነካኩት ግን የመታችሁ ጊዜ የለም? አለ። ያኔ “እርቁ ውሸት ነበር” አትበሉ። ውሸት አልነበረም። ውስጥ የቀረ ነገር ስላለ ነው። ያንን ወንድማችሁን ታገሡት፤ ለእናንተም የሚታገሣችሁ ሰው እንዲሰጣችሁ እግዚአብሔርን ለምኑ።

ትርሲት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ዛሬ አብነት ትንሹን መልሶ አምጥቶት፣ በአቶ መኩሪያ ቤት ሁለቱም አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሙቀቱ ሲበረታ ትንሹ ይሠራል። ዝናብ ጥሎ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ባለ ቫልቩ ይበራል፤ እስኪሞቅ ሁሉም እያወራ ይጠብቀዋል። አቶ መኩሪያ አሁንም “ቫልቩ ይበልጣል” ይላሉ። አብነት አሁንም “አይበልጥም” ይላል። ይከራከራሉ፣ ይጯጯሃሉ፤ ማንም ግን ከቤት አይወጣም። ሕፃኗ ኡኡ ያለች ጊዜ ደግሞ ተሽቀዳድመው ድምፁን የሚቀንሱት አያቷ ናቸው።

እኛስ?

እኛ ቤት ቫልቭ የለም እንበል። ስልክ የለም? ኳስ የለም? ሥራ የለም? አገልግሎትስ? አዎ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎትስ? መልካም ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ክፉ ነገር ጆሮን ሲደፍን ሰው ይነቃል፤ መልካም ነገር ሲደፍነው ግን ማን ይነቃል? ስንቶቻችን ነን የሰው ስብከት ከቃል እስከ ቃል ሰምተን የልጃችንን ድምፅ የማናውቀው? ስንቶቻችን ነን በዚህ ጉባኤ እግዚአብሔርን “ስማኝ” እያልን ቤታችን ያለውን ሰው “ቆይ” የምንለው? ፈጣሪ አንድ ቀን እንኳ “ቆይ” ብሎን ያውቃል?

ደግሞም ተስፋ አትቁረጡ። አቶ መኩሪያ ዘግይተው ነበር። ወሬው ካለፈ፣ ሆስፒታሉ ካለፈ፣ እንባው ከደረቀ በኋላ ነው የሄዱት። ግን ሄዱ፤ በሩም ተከፈተ። ዘግይቶ የሄደ ሰው የሚያንኳኳው በር ያገኛል፤ ያልሄደ ግን በር እንኳ የለውም።

እንግዲህ አሁን መዝሙር ልንዘምር ነው። ነገር ግን እናንተ ውስጥ፣ ይህን ስናገር የአንድ ሰው ፊት ዓይኑ ላይ የመጣበት ካለ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ተነሡ። ውጡና ደውሉለት። እግዚአብሔር አይቀየማችሁም፤ እኛም እንዘምርላችኋለን።