ክር ያዧ እንጉዳይና ሊነግሥ የመጣው ጭራቅ

ተረት ልጀምር ነው፣ ጠጋ በሉ። የምትፈሩ መሃል ግቡ፤ አንፈራም የምትሉ ዳር ዳሩን ያዙ። የኔ ጭራቅ መብላት የሚጀምረው ከዳር ነው።

ሁላችሁም መሃል ገባችሁ? ደግ አደረጋችሁ።

በድሮ በድሮ ጊዜ፣ ጅብ ማነከስ ሳይጀምር፣ ሰባት ወንዝ የሚባል አገር ነበር። በዚያ አገር አንዱ ንጉሥ ሲሞት ሌላው ይነግሣል፤ እሱ ሲያልፍ ንግሥቲቱ ትተካለች፤ እሷ ስታልፍ ደግሞ ሌላ ይመጣል። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አልጻፉትም። በአንድ ነጭ የጥጥ ክር ላይ ቋጠሩት እንጂ። ለነገሠ አንድ ቋጠሮ፣ ለነገሠች አንድ ቋጠሮ። ወፍራሙ ቋጠሮ ጉድጓድ አስቆፍሮ ውሃ ያወጣው የንጉሥ ቢተው ነው። ድርቡ ቋጠሮ በሰባቱ ወንዝ ላይ ድልድይ ያሠራችው የንግሥት ዝማም ነው። ጠማማው ደግሞ የንጉሥ መኳንንት ነው፤ ሰውየው በርበሬ በቀመሱ ቁጥር ያለቅሱ ነበርና ክሩን የቋጠረው ሰው እየሳቀ ነው የቋጠረው። ሁሉም ተደምሮ ሃያ ስድስት ቋጠሮ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የንጉሥ ልጅ ቤተ መንግሥት አያድግም። ገና በጨቅላነቱ ለአንዲት ደሃ እናት ይሰጣል፤ ከልጆቿ ጋር ይርበዋል፣ ከልጆቿ ጋር ይጠግባል። አባቱ ሲሞት ይጠራል። ያን ጊዜ በመናገሻዋ በር ላይ ክሩ ይወጠራል። ክሩን የምትይዘው ያደገበት ቤት ትንሿ ልጅ ናት፤ ሰውን ከልጅ የበለጠ ማን ያውቀዋል? ሦስት ጊዜ ትጠይቀዋለች። መልሱ እውነት ከሆነ ክሩን ዝቅ ታደርግለታለች፣ ይሻገራል፣ ይነግሣል። አንዴ ከተሻገረ በኋላ ግን ንጉሥን ማንም አይጠይቅም።

እንግዲህ በእማ አትጠገብ ጎጆ ሁለት ልጆች ያድጉ ነበር። አንዷ እንጉዳይ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ሌላው አንዱዓለም ነው፤ ከሷ አሥር ዓመት ይበልጣል። ንጉሥ ይሁን እረኛ እንጉዳይ ምን ቸገራት፣ ለሷ አንዱዬ ነው። ወንዝ በሞላ ቁጥር አዝሎ ያሻግራታል። መሃል ወንዝ ሲደርሱ ሁልጊዜ፣

«ከብደሻል። ምን በላሽ?» ይላታል።

«ያንተን ድርሻ» ትለዋለች። ሁለቱም ይስቃሉ፤ አንዳንዴም በሳቅ ብዛት ውሃ ውስጥ ይወድቃሉ።

አንድ ቀን መልእክተኞች መጡ። ንጉሡ ሞቷል። አንዱዓለም አለቀሰ፣ እማ አትጠገብም አለቀሰች። ክር ያዥ ቀድማ መሄድ ስላለባት፣ እንጉዳይ ከእናቷና ከአለቃ ዘገየ ጋር መንገድ ጀመረች። አለቃ ዘገየ የክሩ ጠባቂ ናቸው፤ ስማቸው ዘገየ ይሁን እንጂ ሰውየው መቸኮል ነፍሳቸው ነው። አንዱዓለም ግን በሦስተኛው ቀን ለብቻው በበቅሎ ሊከተል ቀረ።

በመንገድ ላይ አለቃ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እያስነኩ ስም አስጠኗት። ከዚያ፣

«ስሚ ልጄ» አሏት፤ «በሩ ላይ አንዱዬ እንዳትዪው። በሩ ላይ የተጠራ የቤት ስም እዚያው ይቀራል። ሲሻገር አዲስ ስም ይወጣለታል፤ ከዚያ ወዲያ እናቱም ብትሆን በድሮው አትጠራውም።»

«ቤት ሲመጣስ?»

«ንጉሥ የት ቤት ይመጣል?»

እንጉዳይ ክሩን ከጣቷ ለቀቀች። አንዱዬ የማትለው አንዱዬ ምን ያደርግላታል?

አሁን ወደ ጭራቁ ልውሰዳችሁ። እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ከመንገዱ በታች፣ ከገደሉ ሥር፣ አንድ ጭራቅ ይኖር ነበር። አርጅቷል። ጉልበቱን ያመዋል። ልጅ ያሳድዳል፣ ልጆቹ ያመልጡታል። ታዲያ ቁጭ ብሎ አሰበ። «ንጉሥ ብሆንስ? ልጆች አምጡ ስል ማን እምቢ ይለኛል? ተሰልፈው፣ ታጥበው፣ ፀጉራቸውን ተበጥረው ይመጡልኛል» አለ። ከዚያም እንዲህ እያለ አንጎራጎረ፦

«ልጅ ልጅ ሸተተኝ፣
ሳልቀምሰው ጣፈጠኝ።»

አንዱዓለም በበቅሎ ሲያልፍ ዘሎ ያዘው። ካባውን ገፈፈው፣ አፉን አሰረው፣ በአቁማዳ ከተተው፣ አቁማዳውን ከኮርቻው ኋላ ጫነ። «ስነግሥ ነው የምበላህ፤ ለግብሩ» አለው። ካባውን ሲደርብ ፊቱ የአንዱዓለም ፊት ሆነ። ጭራቅ የሰው ልብስ ሲለብስ ፊቱንም አብሮ ይለብሳላ።

ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ ጭራቅም ይሰለቸዋል። በቅሎዋን፣

«አንቺ በቅሎ፣ አባትሽ ማነው?» አላት።

«ፈረስ አጎቴ ነው» አለች በቅሎ።

ጭራቁ ገደሉ እስኪያስተጋባ ሳቀባት። አባቷ አህያ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ግን ማን ሞልቶለት፣ ሁሉም የሚደብቀው ነገር አለው። በቅሎዋ ጆሮዋን ጥላ መንገዷን ቀጠለች። ቂሙን ግን በሆዷ ያዘች።

በማግስቱ ጠዋት የመናገሻዋ በር በሰው ተጨናንቋል። እንጉዳይ የክሩን አንድ ጫፍ ከበሩ ግንድ ላይ አሥራ ሌላውን ይዛለች። በቅሎዋ መጣች፤ በላይዋ አንዱዬ ተቀምጧል። እንጉዳይ ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ። እሱ ግን አልጠቀሳትም፣ ፈገግም አላለም። ንጉሥ መሆን እንዲህ ያደርጋል ማለት ነው ብላ አዘነች። ጉሮሮዋን ጠርጋ የመጀመሪያውን ጠየቀች፦

«ክሬ ቀጭን ነው፣ ቃሌ ወፍራም ነው፤
አንተ የምትመጣ፣ አባቶችህ ማን ናቸው?»

«የደመላሽ ልጅ ነኝ፤ ደመላሽ የመኳንንት፣ መኳንንት የቢተው...» እያለ ሁሉንም ጠራቸው። አንድም አልሳተም። አዋጅ ነጋሪው በየቅዳሜ ገበያው ሲጮህ ጭራቁ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሰምቷልና። ሕዝቡ እልል አለ። ከእልልታው ሥር ግን እንጉዳይ አንድ ነገር የሰማች መሰላት፦ «ልጅ ልጅ ሸተተኝ...» ጆሮዬ ነው አለች። ሁለተኛውን ጠየቀች፦

«ክሬ ቀጭን ነው፣ ቃሌ ወፍራም ነው፤
አንተ የምትመጣ፣ እናቶችህ ማን ናቸው?»

«የዝማም ልጅ ነኝ፤ ዝማም የማዘንጊያ፣ ማዘንጊያ የይርገዱ...» እያለ ንግሥቶቹንም ጠራ። አሁንም አልሳተም። ሴቶች በሠርግ ሲዘፍኑት ከዳሱ ኋላ ተደብቆ ሰምቷልና፤ የመጣውስ ለሕፃናቱ ነበር። ሕዝቡ እልል አለ። ከእልልታው ሥር፣ አሁን ቀረብ ብሎ፦ «ሳልቀምሰው ጣፈጠኝ።»

ይሄኔ በቅሎዋ አንገቷን ዘርግታ ክሩን የምታሸት መስላ በእንጉዳይ ጆሮ ሹክ አለች።

«ልጅት፣ እኔ የአባቴን ስም ጠይቆ የሳቀብኝን ነው የተሸከምኩት። ወንድምሽ ስቆብኝ ያውቃል?»

«በጭራሽ» አለች እንጉዳይ በለሆሳስ።

«ወንድምሽ ከኋላዬ በአቁማዳ ነው። ብትጮሂ አሁኑኑ ይውጠዋል። ሦስተኛው ጥያቄ ያንቺ ነው፤ ገበያ የማይጮኸውን፣ ሠርግ የማይዘፍነውን ጠይቂ።»

«እመቤት፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ቀኑ መሸ» አሉ አለቃ ዘገየ። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነበር።

እንጉዳይ አሰበች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? ክሩን አጥብቃ ያዘችና ጠየቀች፦

«ክሬ ቀጭን ነው፣ ቃሌ ወፍራም ነው፤
አንተ የምትመጣ፣ ማን አዘለህ?»

ጭራቁ ይህን ገበያ ላይ አልሰማም።

«ፈረስ አዘለኝ» አለ። በቅሎዋ በአፍንጫዋ አናፋች።

«ፈረስ ሕፃን አያዝልም። ማን አዘለህ?»

«ዙፋን ያዝለኛል።»

«ገና ነህ። ማን አዘለህ?»

ጭራቁ ወደ ልጅቷ አየ፣ ወደ እማ አትጠገብ ጀርባ አየ፣ ወደ መሬት አየ። በዕድሜው ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሳያስበው አመለጠው።

«ማንም አላዘለኝም» አለ፤ ድምፁ የትንሽ ልጅ ነበር።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። እውነቱ ሲወጣ የሐሰቱ ፊት ረገፈ። ካባው ተንሸራቶ ወደቀ። ዓይኑ እንደ ፍም፣ ጥርሱ እንደ ማረሻ፣ አፉ ከጆሮ እስከ ጆሮ። ሰው ሁሉ እግሬ አውጭኝ አለ። ጭራቁ እያገሣ ወደ እንጉዳይ ተንጠራራ። በቅሎዋም ይህችን ሰዓት ነበር የምትጠብቀው፤ በኋላ እግሯ ተነሥታ ወረወረችው። ክሩ ላይ ወደቀ።

ክሩ አልተበጠሰም። ተጠመጠመበት።

«ስማቸውን ጥሪ» አሉ አለቃ ዘገየ ከግንቡ ኋላ ሆነው።

እንጉዳይ ሮጣ ማምለጥ ትችል ነበር። ግን አንዱዬ አቁማዳው ውስጥ ነው። ቋጠሮዎቹን በጣቷ እየዳሰሰች ጠራች። «ጉድጓድ ያወጣው ቢተው» ስትል ጭራቁ አንድ ክንድ አጠረ። «ድልድይ ያሠራችው ዝማም» ስትል አንድ ክንድ አጠረ። «ልጇ ቢታመም ጦርነት ያስቀረችው ማዘንጊያ፤ በርበሬ የሚያስለቅሰው መኳንንት» እያለች ቀጠለች፤ በጠራች ቁጥር አጠረ። በሬ አከለ፣ ጥጃ አከለ። ሃያ ስድስተኛውን ስትጠራ ፍየል አከለ። ክሩ ግን አለቀ። ስም አለቀ። ጭራቁ ጥርሱን ከክሩ አሾልኮ ወደ እግሯ መጣ።

«የሃያ ሰባተኛውን» አሉ አለቃ፤ «ግን ገና ስም አልወጣለትም። ስም የለውም፣ ልጄ።»

ስምስ አለው። እንጉዳይ ታውቀዋለች። ግን በሩ ላይ ከጠራችው እዚያው ሊቀር ነው። ከወንዙ መሃል፣ ከጎጆው በር፣ ከአፏ ሊጠፋ ነው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወንድሜ ከሚጠፋ ስሙ ይጥፋ አለችና ጠራችው።

«አንዱዬ።»

ክሩ ራሱን በራሱ ቋጠረ። ሃያ ሰባት ሆነ። ጭራቁ አጠረ፣ አጠረ፣ የአራስ ልጅ አክሎ መሬት ላይ ቀረ። ጥርሱ ሁሉ ረግፏል። ምርር ብሎ አለቀሰ።

«እንረግጠዋለን» አሉ፣ ቅድም የሮጡት ሰዎች ተመልሰው።

እማ አትጠገብ ግን አንቀልባዋን ፈታች። «ወግዱ» አለች። «የንጉሥ ልጅ ያዘልኩበት ጀርባ የጭራቅ ልጅ ይከብደዋል? አንተም ስማ፤ ጥርስ ስታወጣ ከነከስከኝ እጥልሃለሁ።» ክሩን ከላዩ ፈትታ አዘለችው። እሹሩሩ አለችው። ሳይቆይ ተኛ፤ የዚያን ያህል ዘመን ኖሮ ሰው ጀርባ ላይ ሲተኛ ገና መጀመሪያው ነበር።

አንዱዓለም ከአቁማዳው ወጣ። ፀጉሩ ተንጨባሯል፣ ዱቄት በዱቄት ሆኗል። ክሩ ፊት መጥቶ ቆመ። እንጉዳይ ቀና ብላ አላየችውም። አንገቷን ደፍታ ጠየቀች፦

«ክሬ ቀጭን ነው፣ ቃሌ ወፍራም ነው፤ አንተ የምትመጣ፣ ማን አዘለህ?»

«እማ አትጠገብ አዘለችኝ» አለ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት በርከክ አለ። «እኔ ደግሞ አንቺን አዘልኩ። ነይ ውጪ።»

እንጉዳይ ክሩን ዝቅ አደረገችና ጀርባው ላይ ወጣች። ጎንበስ ብሎ በሩን ተሻገረ። በሰባት ወንዝ አገር ጎንበስ ብሎ የነገሠ ንጉሥ እሱ ብቻ ነው። በሩ መሃል ሲደርስ፣

«ከብደሻል። ምን በላሽ?» አላት።

እንጉዳይ አፏን ከፈተች፤ ፈራች፤ ዘጋች። «ስምህን ጨረስኩት» አለች እያለቀሰች።

ይሄኔ አለቃ ዘገየ ክሩን በዓይናቸው ሥር ይዘው ሃያ ሰባተኛውን ቋጠሮ ሲያገላብጡ፣ ራሳቸውን ሲያክኩ ቆዩ። በስተመጨረሻ፣

«ጉድ ፈላ» አሉ። «ስሙ በሩ ላይ አልቀረም፤ ክሩ ይዞታል። ክር የያዘውን ስም ደግሞ አገር ሁሉ ሊጠራው ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቅዳሜ ገበያው አዋጅ ነጋሪው ደረቱን ነፍቶ እንዲህ ይጮህ ነበር፦ «የደመላሽ ልጅ፣ የመኳንንት የልጅ ልጅ፣ ንጉሠ ሰባት ወንዝ አንዱዬ።» ሰውም ኮስተር ብሎ እጅ ይነሣ ነበር። ንጉሡ በክረምት በክረምት፣ ወንዝ ሲሞላ፣ ወደ እማ አትጠገብ ጎጆ ይሄዳል። ልጅ ያሻግራል። በቅሎዋም አብራ ትሄዳለች፤ በዚያ አገር የአባቷን ስም የሚጠይቃት የለም።

እኔም ከዚያ ስመለስ ወንዙ ሞልቶ አገኘሁት፤ አንዱ አዝሎ አሻገረኝ፣ ተረቱን ለናንተ አደረስኩ። በሉ አሁን ተነሡ። ማን አዘላችሁ? ሂዱና ጀርባዋን እሹላት።