ወግ አጥባቂውና ወግ ጠባቂው

አንድ ቦይ ሁለት መንደር የሚያጠጣበት ሸለቆ ነበር። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሰው «የውሃ አባት» ይባላል። ዝናብ ሲያባራ የላይኛው መንደር አንድ እጩ፣ የታችኛው መንደር አንድ እጩ ያቀርባሉ። ከዚያ የሁለቱም መንደር ሰው ሜዳ ላይ ይወጣና ከወደደው እጩ ኋላ ይሰለፋል። ኋላው ብዙ ሰው የቆመለት እስከ ቀጣዩ ክረምት የውሃ አባት ይሆናል።

በዚያ ዓመት የታችኛው መንደር እጩ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። «የተራ ወግ ይቅር፤ ውሃ በመሬት ስፋት ይሰጥ» አለ። ይህን ሲሰሙ በላይኛው መንደር የሚኖሩት አባ ስንሻው ክፉኛ ደነገጡ። በአባቶች ወግ በሬም ጧሪም የሌለው ሰው ከሁሉ ቀድሞ የማለዳውን ውሃ ይወስዳል። ልጃቸው እናትነሽ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ሕፃናቷን የምታሳድገው በዚያ የማለዳ ውሃ በምታበቅለው ሽንኩርት ነው። ወጉ ተሻረ ማለት የእሷ መደብ ደረቀ ማለት ነበር።

የላይኛው መንደር ሰው ወግ ወዳድ ነው። ከመካከሉ ማንን እንደሚያቀርብ ግን ገና አልወሰነም። ሦስት ሰዎች እንመረጥ ብለው ተነሥተዋል፤ መንደሩም አባ ስንሻውን «እርስዎ ይመዝኑልንና ሐሳብዎን ይንገሩን» ብሎ አደራ ሰጣቸው።

የመጀመሪያው አያ ደምለው ነው። ከአፉ ማር ጠብ ይላል። ዱላ የተማዘዙ ሰዎች እንኳ እሱ መናገር ከጀመረ ዱላቸውን ተደግፈው ያዳምጡታል። ሁለተኛው አያ ወንድይራድ ዘመደ ብዙ ነው፤ በታችኛው መንደር ሳይቀር እሱ በጋብቻ ያልተሳሰረበትን ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሦስተኛው አያ ጥጋቡ አንደበትም ዘመድም የለውም፤ ያለው ወግ ብቻ ነው። የገዛ ወንድሙ አርፍዶ ቢመጣ «ተራህ አልፏል» ብሎ ባዶውን የሸኘ ሰው ነው። መንደሩ «ወግ አጥባቂው» ይለዋል፤ እሱም በዚህ ስም ደረቱን ይነፋል።

አባ ስንሻው ደግሞ ያልገባቸው ነገር ካለ እህል አይወርድላቸውም። በልጅነታቸው «ለምን?» ሲያበዙ እናታቸው «ይህን ልጅ ምን በልቼ ነው የወለድኩት?» ትል ነበር ይባላል። እርጅናም ይህን ጠባይ አላስተዋቸውም።

«ጥጋቡ እዚህ ቤታችን ይወደዳል» አሉ ለራሳቸው። «ሜዳው ላይ ግን ከታችኞቹም የሚሰለፍለት ያስፈልገዋል። ለመሆኑ ታችኞቹ ወጋችንን ለምን ጠሉት? ድሮ አብረውን ይምሉበት አልነበረም?» ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ታች ወረዱ።

ታች፣ በደረቀው ጅረት ውስጥ አንዲት ሴት አሸዋ እየጫረች ውሃ ስትፈልግ አገኙ። ላቀች ትባላለች።

«ልጄ፣ ወጋችን ምን በደላችሁ?» አሏት።

«አባባ፣ ወጉ መቼ በደለን? እኛም ያደግንበት ነው» አለች ቀና ብላ። «ተራችን ባይደርስ እንኳ ላይ ቦዩ ከሚጠለፍበት ግድብ ሽንቁር ወደዚህ ጅረት የሚፈስ ውሃ ነበረን። ከብቱም ይጠጣል፣ እንስራውም ይሞላል። አምና ሽንቁሩ ተደፈነ። ምነው ብንል ‹ወግ ጠበቀ› አሉን። ወግ ማለት ይህ ከሆነ ይቅርብን ብለን ነው።»

አባ ስንሻው ያንን ዳገት እያለከለኩ ወጥተው ግድቡ ዘንድ ደረሱ። እውነትም ሽንቁሩ በጭቃና በጭድ ተመርጓል። ጭቃውን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው ድንጋዩን ዳሰሱት። ዙሪያው ልሙጥ ነው። ድንጋዩ ተሰንጥቆ የተፈጠረ ቀዳዳ ሳይሆን ሰው በመሮ ያበጀው ቀዳዳ ነው። አባቶች አስበውበት ነበር! ሽማግሌው በደስታም በሐፍረትም ሳቁ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአጠገቡ ሲያልፉ ይህን አንድ «ለምን» ረስተውታል።

ከዚያ ሦስቱንም እየዞሩ ስለ ሽንቁሩ ጠየቁ።

አያ ደምለው ስለ ውሃና ስለ ወንድማማችነት አንጀት የሚያርስ ንግግር አደረገ። ሽማግሌው እስኪጨርስ ታገሡና «ታዲያ ይከፈት ትላለህ ወይስ እንደተደፈነ ይቅር?» አሉት። ደምለውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሕዝቡ ምን ይላል?» ሲል መልሶ ጠየቃቸው።

አያ ወንድይራድ ግንባሩን አከክ አደረገና «የኔ አማቶች የሚቀዱት በየት በኩል ነው?» አለ።

አያ ጥጋቡ ግን ዓይኑን ሳይሰብር «የደፈንኩት እኔ ነኝ» አላቸው። «ውሃ በከንቱ ሲፈስ አየሁ፤ አጠበቅሁት።»

«ና እስቲ» ብለው ወደ ግድቡ ወሰዱትና ጣቱን በልሙጡ ድንጋይ ላይ አሳረፉት። ጥጋቡ ዳሰሰው፤ ደግሞ ዳሰሰው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«የውሃ አባት ሲሾም ምን ብሎ ነው የሚምለው?» አሉት።

«‹ወጉን አጠብቃለሁ› ብሎ ነዋ!»

«አይደለም ልጄ፤ ‹ወጉን እጠብቃለሁ› ብሎ ነው። በአንዲት ፊደል ሳትከው። የሚያጠብቅ ሰው ገመዱን ያያል፤ የሚጠብቅ ሰው ግን በገመዱ የታሰረችውን ላም ያያል።»

ጥጋቡ እጁን ከድንጋዩ አነሣና «እና እስከ ዛሬ ስጮህ የኖርኩት ስህተት ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ልብህስ ደህና ነበር፤ ጆሮህ ነው እንጂ» አሉት እየሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም።

መንደሩ በተሰበሰበ ጊዜ አባ ስንሻው ሚዛናቸውን ተናገሩ። «ደምለው አንደበት አለው፤ አንደበት ኃይል ነው። ወንድይራድ ዘመድ አለው፤ ዘመድም ኃይል ነው። እኔ ግን ጥጋቡ ይቅረብ እላለሁ። ጥፋቱን ሲያሳዩት ያልሸሸ እሱ ብቻ ነው።»

ጥጋቡ ተነሣ። «ሽንቁሩን የደፈንኩት እኔ ነኝ። አባቶች ለታችኞቹ ያበጁት መሆኑን አላወቅሁም። ብትመርጡኝም ባትመርጡኝም በእጄ እከፍተዋለሁ» አለ።

ትናንት «ጥጋቡ! ጥጋቡ!» ሲል የነበረው ሰው አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ «ላላ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ጉባኤው ሁሉ «ጥጋቡ ላላ!» ይል ጀመር። አያ ደምለው የነፋሱን አቅጣጫ አሸተተና ብድግ አለ። «ወገኖቼ! እኔ ብሆን ጭቃውን አንሥቼ በድንጋይ እደፍነዋለሁ! ወጉን አጠብቃለሁ!» አለ። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። አባ ስንሻው እጃቸውን እያወዛወዙ ቢለምኑ ማን ይስማቸው! በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼኔ ነው። ደምለው እጩ ሆነ።

የምርጫው ቀን ላቀችና ብዙ ጎረቤቶቿ የጥጋቡን ቃል ሰምተው ከእሱ ኋላ ሊሰለፉ መጥተው ነበር። ፊት ለፊት የቆመው ደምለው መሆኑን ሲያዩ እርስ በርሳቸው ተያዩና ወደ ራሳቸው እጩ ሄዱ። ታችኞቹ አሸነፉ፤ የአባቶች ተራም በዚያው ቀን ተሻረ።

በማግሥቱ ማለዳ እናትነሽ ገና ያልደረሰ ሽንኩርቷን ሳይደርቅባት ልትነቅል ወጣች። አባቷም አብረዋት ነበሩ። መደቧ ላይ ሲደርሱ ግን አፈሩ ረጥቧል፤ ውሃ በፈሰሱ ውስጥ እየተንኮለኮለ ይገባል። ቀና ብለው ሲያዩ አያ ጥጋቡ በቃሉ መሠረት ሽንቁሩን የከፈተበትን ዶማ ይዞ ከላይ ቆሟል። በአዲሱ ደንብ መሬቱ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ውሃ ደርሶታል። የራሱን ቦይ ዘግቶ ወደ እሷ መልሶታል።

«አያ ጥጋቡ፣ ወጉ እኮ ተሽሯል!» አለችው እናትነሽ።

«እኔ አልሻርኩትም» አላት። «የማለዳው ውሃ ያንቺ ነው።»

አባ ስንሻው እንባቸው መጣ። ያ ሁሉ ሕዝብ «ላላ» ያለው ሰው ወጉን ብቻውን ጠብቆ ቆሞ ነበር።

ይህን ታሪክ የሰማ ልብ ይበል። የምንወደውን ነገር እንዲጠብቅልን ሰው ስንመርጥ፣ አንደበቱንም ዘመዱንም ጽናቱንም መመዘን ደግ ነው። ነገር ግን «ምን ያህል ታጠብቃለህ?» ከማለት በፊት «ለማን ብለህ ትጠብቃለህ?» እንበለው። ስህተቱን ያመነ ሁሉ አልላላም፤ ጮክ ብሎ የማለ ሁሉም ጠባቂ አይደለም። ወጋቸውን ያጡት ሰዎች ወጋቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ።

እርስዎ በዚያ ጉባኤ መካከል ቢኖሩ ኖሮ፣ «ላላ!» የሚለው ጩኸት ሲነሣ ምን ይሉ ነበር?